በአንድ ቀን የጸደቁ ሁለት ሕጎች፤ የአውሮፓ ምርጫና የሠራተኛው መብት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2024 ስትራስቡርግ የተሰበሰበው የአውሮፓ ፓርላማ ከምርጫ በፊት ያለውን የመጨረሻ ጉባኤ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያች ዕለት ሠራተኛውን የሚመለከቱ ሁለት ሕጎችን አሳለፈ። የመጀመሪያው ከስልክ መተግበሪያ ትእዛዝ እየተቀበሉ ምግብ የሚያደርሱና ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሰዎችን ይመለከታል፤ 554 እንደራሴዎች ደግፈውት 56ቱ ተቃውመውታል። ሁለተኛው ግዙፍ ኩባንያዎች ዕቃ በሚያመርቱላቸው ፋብሪካዎችና እርሻዎች ለሚፈጸም የመብት ጥሰት ኃላፊነት እንዲወስዱ የሚያስገድድ ሲሆን በ374 ድጋፍና በ235 ተቃውሞ አለፈ። በጁን መጀመሪያ ምርጫው ተካሄደ። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ እንዳለ ነበር። ሁለተኛው ግን ሥራ ላይ ሳይውል ክፉኛ ተሸርፏል።

የአውሮፓ ምርጫ ለሠራተኛ ማኅበራት ለምን እንደሚያስጨንቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሠራተኞች ይህን ፓርላማ ከኑሯቸው የራቀ አድርገው ያዩታል። ሕግ የማመንጨት ሥልጣን የኮሚሽኑ ነው፤ ፓርላማው የሚያሻሽለውና የሚያሳልፈው ከአባል አገራት ሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር ተስማምቶ ነው። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 153ም ስለ ሠራተኛ የሚወጡ ሕጎች በደመወዝ፣ በመደራጀት መብትና በሥራ ማቆም አድማ ጉዳይ እንዳይገቡ ይገድባል። ይሁን እንጂ በሳምንት በአማካይ ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ በየቀኑ የ11 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ በዓመትም ቢያንስ አራት ሳምንት ከነደመወዙ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያዝዘው የኅብረቱ መመሪያ ነው።

ጥቂት ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን የወደብ ሠራተኞች ያውቁታል። ኮሚሽኑ ባቀረበው የወደብ አገልግሎት ረቂቅ መሠረት የመርከብ ኩባንያዎች ጭነቱን በራሳቸው ሰዎች ማስጫንና ማስወረድ ይችሉ ነበር። ለጫኝና አውራጁ ይህ ማለት እንጀራውን ማጣት፣ ሙያው የሚጠይቀውን የደኅንነት ጥንቃቄም ላልሠለጠነ እጅ መተው ነበር። በኖቬምበር 2003 ረቂቁ በ229 ለ209፣ ማለትም በሃያ ድምፅ ልዩነት ብቻ ወደቀ። ኮሚሽኑ ግን እንደገና ይዞት መጣ። በጃንዋሪ 2006 ከተለያዩ አገሮች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የወደብ ሠራተኞች ወደ ስትራስቡርግ ተመሙ፤ በግርግሩም የፓርላማው መስኮቶች ተሰባበሩ። ረቂቁን የጣለው ግን የተሰበረው መስታወት አይደለም። ማኅበራቱ በየአገራቸው እንደራሴዎችን ሲያነጋግሩና ሲያሳምኑ ስለ ነበር፣ በዚያው ሳምንት ረቂቁ በ532 ለ120 ድምፅ ውድቅ ሆነ። አደባባይ የወጣው ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ጆሮ የሚሰጠው እንደራሴ ባይኖረው ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

በብስክሌት ምግብ የሚያደርሰው ሰው ጉዳይ ከዚህም የረቀቀ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው፣ ክፍያውን የሚወስነው፣ በደንበኞች ነጥብ የሚመዝነው፣ ሲያሻውም አካውንቱን የሚዘጋው አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «የራሱን ሥራ የሚሠራ» ተብሏልና የሕመም ፈቃድም ሆነ የጡረታ መዋጮ የለውም። አዲሱ መመሪያ ሥራውን የሚመራና የሚቆጣጠር ኩባንያ መኖሩን የሚያመለክት ነገር ሲገኝ ሰውየው ተቀጣሪ ነው ብሎ ይነሣል፤ አይደለም የሚል ኩባንያ ራሱ ያስረዳ ይላል። አካውንት የሚዘጋውም ሰው እንጂ ማሽን መሆን እንደሌለበት ደንግጓል። ሕጉ በፌብሩዋሪ 2024 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ተሰናክሎ ነበር። በማርች ኢስቶኒያና ግሪክ አቋማቸውን ስለ ቀየሩ ዳነ። ለአንድ ወር እንኳ ቢዘገይ በአዲሱ ፓርላማ እጅ ይወድቅ ነበር።

ማኅበራትም ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የ2022ቱን የዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያ በፓርላማው የመሩት ሆላንዳዊቷ ሶሻል ዴሞክራት አግነስ ዮንጌሪየስና ጀርመናዊው ክርስቲያን ዴሞክራት ዴኒስ ራትከ ናቸው። ሁለቱም ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት በሠራተኛ ማኅበር ያገለገሉ ስለ ነበሩ የፓርቲ አጥር አልለያቸውም። መመሪያው የኅብረት ስምምነት ከ80 በመቶ በታች የሆነውን ሠራተኛ በሚሸፍንባቸው አገሮች መንግሥት የኅብረት ድርድርን የሚያስፋፋ ዕቅድ እንዲያወጣ ያዝዛል። የዴንማርክና የስዊድን ማኅበራት ግን «ደመወዝ የምንወስነው በድርድር ነው፤ ብራስልስ እጇን ታንሣ» ብለው ተቃወሙ። ዴንማርክም ክስ መሠረተች። በኖቬምበር 2025 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሁለት ድንጋጌዎችን ሽሮ የቀረውን አጸና።

ወደ ተሸረፈው ሕግ እንመለስ። የጸደቀበት ዕለት በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች የሞቱበት 11ኛ ዓመት ነበር። በሕንጻው ውስጥ ለምዕራባውያን ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ ግን የቀኝ ክንፍ ፓርቲዎች መቀመጫ ስለ ጨመረ፣ ትልቁ የአውሮፓ ሕዝቦች ፓርቲ ያለ ሶሻል ዴሞክራቶች አብላጫ ድምፅ ማግኘት ቻለ። በኖቬምበር 2025 ፓርላማው ሕጉን የማሻሻል አቋሙን ያሳለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በዲሴምበር 16 ቀን 2025 ፓርላማው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር የተደረሰውን የመጨረሻ ስምምነት በ428 ለ218 አጸደቀ። ቀድሞ ከ1,000 በላይ ሠራተኛ ያለውን ኩባንያ ይይዝ የነበረው ሕግ አሁን ከ5,000 በላይ ያለውን ብቻ ይይዛል። ተጎጂዎች በመላው ኅብረት በአንድ ወጥ ደንብ ካሣ የሚጠይቁበት ድንጋጌም ወጥቷል።

የዚህ ሕግ መሸረፍ ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎች ያሉባትን ሐዋሳንም ይነካል። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል የላትም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ አልተወሰነም። ለአውሮፓ ልብስ የምትሰፋ ወይም ወደ ጀርመን የሚላክ ቡና የምትለቅም ሴት ስትበደል ከአገሯ ሕግ ሌላ ልትይዘው የምትችለው ገመድ የገዢው ኩባንያ ተጠያቂነት ነበር። ያንን ገመድ ያሳጠሩት እሷ ልትመርጣቸው የማትችል ሰዎች ናቸው።

በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርትና በሮም የሚኖሩ፣ የአገሩን ዜግነት ያገኙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን ይመርጣሉ። የሚቀጥለው ምርጫ በ2029 ነው፤ የተሸረፈው ሕግም ሥራ ላይ የሚውለው በዚያው ዓመት በጁላይ ነው። ያኔ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት እንደራሴዎቹ በዲሴምበር 16 የት እንደ ቆሙ ይመልከቱ፤ የድምፁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው።