በዚያ ሌሊት ማን ተቆጠረ?

ማርች 20 ቀን 1990 ሌሊት፣ በኒው ዮርክ ከተማ የሚያድሩበት ቤት ያላቸው ሰዎች ሆን ብለው ጎዳና ላይ ሄደው ተቀመጡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎ፣ በኒው ኦርሊንስና በፊኒክስም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ምጽዋት አልለመኑም፤ የተቃውሞ ሰልፍም አልነበረም። በዚያ ሌሊት የአሜሪካ መንግሥት ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ሰዎች በመላ አገሪቱ ሊቆጥር ሠራተኞቹን አሰማርቶ ስለነበር፣ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቁጭ ብለው «ቆጣሪው መጣ ወይ? አየኝ ወይ? ጻፈኝ ወይ?» የሚለውን መከታተል ብቻ ነበር። ሲነጋ ከየከተማው የተሰበሰበው ወሬ ቆጠራውን ላዘጋጁት ሰዎች የሚያስደስት አልነበረም። ብዙዎቹ ታዛቢዎች ሌሊቱን ሙሉ ቢጠብቁም ማንም አላነጋገራቸውም።

ውድ አንባቢያን፣ ሰው መቁጠር ቀላል ይመስላል። በየሳምንቱ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስንት ሰው እንደመጣ የሚቆጥር አንድ ልጅ ከበሩ ጀርባ አይጠፋም፤ ያውም ሁሉም ቁጭ ብሎ፣ መብራት በርቶ! የሚቆጠረው ሰው እንዳይታይ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሥራው ይለወጣል። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ከፖሊስ፣ ከሌባ፣ ከብርድና ከሰው ዐይን ይሸሸጋል፤ የሚተኛበትን ስፍራ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። በደንብ የተሸሸገ ሰው በሰላም ያድራል። ቆጣሪ ግን አያገኘውም።

ወደ 1990 ያደረሰው መንገድ አንድ ጠብ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከተሞች ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች ቁጥር ዐይን በሚስብ ሁኔታ ጨመረ። የኢኮኖሚ ድቀቱ ብዙዎችን ከሥራ አፈናቀለ። ድሆች በዝቅተኛ ኪራይ አንዲት ክፍል የሚይዙባቸው ርካሽ ሆቴሎችም በየመሐል ከተማው ፈርሰው ነበር። ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች የወጡ ሕሙማን ደግሞ ውጭ ይጠብቃቸዋል የተባለውን ድጋፍ አላገኙም። ታዲያ ስንት ናቸው? በዋሽንግተን ለቤት አልባዎች ይሟገት የነበረው ሚች ስናይደር ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ይሆናሉ አለ። የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር በ1984 ባወጣው ሪፖርት ከ250,000 እስከ 350,000 ብሎ ገመተ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእጅጉ ሰፊ ነው፤ አንዱ ከሌላው ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። በኋላ ስናይደር ራሱ ያቀረበው ቁጥር «ቁጥር ስጡን» እያሉ ለሚወተውቱ ሰዎች የተሰጠ ግምት እንጂ በሳይንስ የተደገፈ እንዳልነበረ አልሸሸገም። እኔ እንደማየው ከሁለቱም ወገን ሆን ብሎ የዋሸ የለም። ሆኖም ጎዳና ወርዶ የቆጠረም አልነበረም።

የወረደው ፒተር ሮሲ የሚባል የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ነው። በ1985 እና በ1986 ቺካጎ ላይ የሠራው ሥራ ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ነው። የከተማዋን ብሎኮች በናሙና መረጠ፤ ጠያቂዎቹን አሠለጠነ፤ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ የሆኑ ፖሊሶችን ቀጥሮ ለጥበቃ አብረዋቸው እንዲሄዱ አደረገ። ቡድኖቹ የወጡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቤት ያለው ሰው በአብዛኛው ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ነው። በተመረጡት ብሎኮች ውስጥ ያገኙትን ነቅቶ ያለም ሆነ የተኛ ሰው ሁሉ አነጋገሩ፤ መልስ ለሰጣቸውም ገንዘብ ከፈሉ። በአንድ ሌሊት ቺካጎ ውስጥ ቤት አልባ የሆኑት ከ2,000 ትንሽ ከፍ ያሉ መሆናቸውን ጥናቱ ገመተ። የከተማዋ ተሟጋቾች ግን ከ20,000 በላይ ናቸው ሲሉ ኖረዋል። ሮሲ የድሆች ወዳጅ ነበር፤ ያም ሆኖ ከፍተኛ ውግዘት ደረሰበት። ተሟጋቾቹ የፈሩት ቁጥሩ ካነሰ እርዳታውም ያንሳል ብለው ነበር። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ፖለቲከኛ ትንሽ ቁጥር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግበት ያውቃሉ።

እንግዲህ የ1990ው ሌሊት የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። አሠራሩን በእኛ ሰዓት ልንገራችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት በመጠለያዎች ያሉ ሰዎች ይቆጠራሉ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ጎዳናው ይቆጠራል። ከዚያ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ደግሞ ቆጣሪዎቹ ሰው አልባ ከሆኑ ሕንጻዎች ውጭ ቆመው ከውስጥ የሚወጣውን ይቆጥራሉ። ወደ ጎዳናው የሚሄዱትም የየከተማው ባለሥልጣናት አስቀድመው ወደ ጻፏቸው ቦታዎች ብቻ ነበር። ለቆጣሪዎቹ የተሰጠው ትእዛዝ የተኛን ሰው አትቀስቅሱ፣ ሕንጻ ውስጥ አትግቡ፣ «ቤት አለህ?» ብላችሁም አትጠይቁ የሚል ነበር። እያንዳንዱን ትእዛዝ ለብቻው ብታዩት ሰውንና ቆጣሪውን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሚቆጠረው በተጻፈው ቦታ፣ በተጻፈው ሰዓት፣ ለዐይን የተገለጠ ሰው ብቻ ሆነ። ስናይደር ቆጠራውን ተቃውሞ ድርጅቱ የሚያስተዳድረውን ትልቅ የዋሽንግተን መጠለያ ለቆጣሪዎች አልከፍትም አለ። ውጤቱ ሲወጣ በመጠለያ 178,828፣ በጎዳና 49,793 ሰው ተመዘገበ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ራሱ «ይህ የቤት አልባዎች ጠቅላላ ቁጥር አይደለም» ብሎ አስጠነቀቀ። ሆኖም ቁጥር አንዴ ከአፍ ከወጣ ማስጠንቀቂያው ኋላ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔን ልብ የያዙት ግን መግቢያው ላይ ያየናቸው፣ ቁጭ ብለው የጠበቁት ሰዎች ናቸው። ያኔ ስህተትን ለማጋለጥ ያገለገለው ዘዴ በኋላ ስህተትን ለማረም ዋለ።

ይህን ለመረዳት ኒው ዮርክ እንዳላችሁ፣ ዕድሜያችሁም ከ18 እንዳለፈ አስቡና በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ተመዝገቡ። ከተማዋ በ2003 ከማንሃተን ጀምራ፣ በ2005 ደግሞ በአምስቱም ክፍለ ከተሞቿ በየዓመቱ ክረምት ቆጠራ ታካሂዳለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሥልጠናው ቦታ ትመጣላችሁ። ትንንሽ ቡድን ትሆናላችሁ፤ የቡድን መሪና ካርታ ይሰጣችኋል። ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ካርታው ላይ ያለውን መንገድ በሙሉ፣ አንድም ሳታስቀሩ፣ ግራና ቀኙን ትሄዱበታላችሁ። ብዙ ሰው ያድርባቸዋል የሚባሉ ቦታዎች በሙሉ ይታያሉ፤ ጥቂት ሰው የሚጠበቅባቸው ግን በናሙና ተመርጠው የቀረው በስሌት ይገመታል።

አሁን ዋናው ትምህርት ይመጣል። ነቅቶ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ጠይቁ ትባላላችሁ። ሁሉንም! ከሥራ የሚመለሰውን፣ ሻንጣ የያዘችውን፣ ጥሩ ጫማ ያደረገውን ወጣት ጭምር። «ይሄ ቤት አልባ ይመስላል፣ ያ አይመስልም» የሚለውን ፍርድ ሥልጠናው ከእጃችሁ ይወስደዋል። ከሥልጠናው ሁሉ ለበጎ ፈቃደኞች የሚከብደውም ይኸው ይመስለኛል፤ ሁላችንም ድህነትን በልብስ የምናውቅ ይመስለናልና። አንድ ተማሪ ግን ቀን ክፍል ገብቶ፣ ማታ በባቡር ውስጥ ሊያድር ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው። ጥያቄው ለሁሉም አላፊ አግዳሚ ሲቀርብ የተቸገረው ሰው ተለይቶ አይታይም፤ ከፊቱ ላለፈው ባለ ከረባት የቀረበለት ጥያቄ ነው ለእሱም የቀረበው።

ጥያቄው ራሱ ልብ ይባል። «የት ትኖራለህ?» አይባልም፤ ዛሬ ሌሊት የምታድርበት ቦታ አለህ ወይ ነው ነገሩ። በዚህ ጉዳይ አማርኛችን ቀድሞ የሄደ ይመስለኛል። «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለው ቃል የሰውን ኑሮ ሁሉ ከጎዳናው ጋር ያስተሳስራል። የቆየው «በረንዳ አዳሪ» ግን ሰውየውን የጠራው ሌሊቱን በሚያሳልፍበት ቦታ ብቻ ነው። ቆጠራውም የሚፈልገው የአንዱን ሌሊት ማደሪያ ነው፤ የሰውየውን ታሪክ አይጠይቅም።

የተኛ ሰው ካገኛችሁ አትቀሰቅሱትም። ባትሪ ፊቱ ላይ አታበሩም፤ ፎቶ አታነሱም። አይታችሁ የምትችሉትን ያህል መዝግባችሁ ታልፋላችሁ። «እሺ፣ ቤት ኖሮት ተኝቶ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ከእናንተ መካከል አይጠፋም። በጃንዋሪ ብርድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በኒው ዮርክ የእግረኛ መንገድ!

ወሩም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሚኒስቴሩ በመላ አገሪቱ ያሉ ከተሞችና አውራጃዎች ቆጠራውን በጃንዋሪ የመጨረሻ አሥር ቀናት ውስጥ እንዲያካሂዱ ይጠይቃል። በዚያ ብርድ መጠለያ መግባት የሚችልና የሚፈልግ ሰው ገብቷል፤ በመጠለያ ያለውን መቁጠር ደግሞ ቀላል ነው። ውጭ የቀረው ሌላ ምርጫ የሌለው ነው።

አሁን ወደ ታዛቢዎቹ እንመለስ። ኒው ዮርክ ሰዎችን ቀጥራ፣ ቤት አልባ መስለው ሌሊቱን በተወሰኑ ቦታዎች እንዲቀመጡ ታደርጋለች። የት እንዳሉ እናንተ አታውቁም። ደርሳችሁ ከጠየቃችኋቸው ማንነታቸውን የሚገልጽ ተለጣፊ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ ወረቀቱንም ከቅጻችሁ ጋር ትመልሳላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ 100 ሰው ተቀምጦ ቆጣሪዎች 80ውን ብቻ አገኙ እንበል። እንግዲያው ከእውነተኞቹ ቤት አልባዎችም ከአምስቱ አንዱ ሳይታይ አልቀረም ማለት ነው። የተቆጠሩት 800 ከሆኑ፣ እውነተኛው ቁጥር ወደ 1,000 ይጠጋል። የቆጣሪው ስንፍና፣ ፍርሃትና ድካም ሁሉ በዚህ ይለካል። በሰሌዳ ላይ ሳየው የማደንቀው ዓይነት ሐሳብ ነው፤ ቆጠራው ሰው እንደሚሳሳት አስቀድሞ አምኖ ይነሣልና።

ሎስ አንጀለስ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ከ2005 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በተለያዩ ሌሊቶች ይሰማራሉ፤ ከመሰብሰቢያ ቦታዎቹም መካከል የቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ይገኙበታል። አውራጃው እጅግ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛው ሥራ በመኪና ነው። እዚያ ከማንም ጋር አትነጋገሩ ነው የሚባለው፤ የምታዩትን ብቻ መዝግቡ። ድንኳን ብታዩ «አንድ ድንኳን» ትላላችሁ። ገልጣችሁ ስንት ሰው እንዳለ ማየት የለባችሁም፤ የሰው ቤት ነውና። በአንድ ድንኳን ወይም በአንድ መኪና ውስጥ በአማካይ ስንት ሰው እንደሚያድር ለብቻው በሚካሄድ የቃለ መጠይቅ ጥናት ይገኛል፤ ከዚያ ይባዛል። የትኛው ከተማ ልክ ነው? ጠይቆ የሚያልፍ ቡድን የበለጠ ያውቃል እላለሁ፤ ነገር ግን ያን ያህል አገር ጠይቆ ለመጨረስ የሚበቃ ሰው ከየት ይመጣል?

ሁለቱም የሚስቱት ሰው አለ። ኪራይ መክፈል ቢያቅተው ጓደኛው ሶፋ ላይ የሚተኛ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነገ ውጣ እንዳይሉት የሚሳቀቅ፣ በእኛ አነጋገር ጥገኛ የሆነ ሰው፣ በዚህ ቆጠራ ቤት አልባ አይባልም። የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ግን በሌላ ሕግ እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች ቤት አልባ ብለው ይመዘግባሉ። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለአንድ ልጅ ሁለት መልስ አለው። ከቤት የወጡ ወጣቶች ደግሞ ከትልልቆቹ ርቀው፣ ቡድን ሆነው፣ ቤት እንዳላቸው መስለው ነው የሚውሉት። ስለዚህ አንዳንድ ከተሞች ራሳቸው በዚያ ሕይወት ያለፉ ወጣቶችን አሠልጥነው ከቆጣሪዎቹ ጋር ያሰማራሉ፤ የት እንደሚፈለጉ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ይህ ሁሉ ድካም ምን አመጣ? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2010 ቆጠራ ቤት አልባ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ከ74,000 በላይ ነበሩ። ቁጥሩ የመንግሥትን ዐይን ሳበ፤ የኪራይ ድጋፍና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች አንድ ላይ ተመደቡላቸው። በ2024 ከ33,000 በታች ሆኑ። በዚያው ዓመት ግን የሁሉም ቤት አልባዎች ድምር 771,480 ደርሶ ነበር፤ ቆጠራው ይህንኑ ሥራ በየዓመቱ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ትልቁ ቁጥር ነው። ያው ቆጠራ፣ ያው የጃንዋሪ ሌሊት፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ታሪኮች አወጣ። ገንዘቡ በተመደበበት ወርዷል፤ ባልተመደበበት ጨምሯል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን የኒው ዮርክ ቡድኖች ካርታቸውንና ቅጻቸውን አስረክበው ይበተናሉ። የተቀመጡት ሰዎችም ይነሣሉ። ተለጣፊው ወረቀት አሁንም በእጃቸው ያለ ሁሉ፣ ቆጣሪዎች ሲያልፉ አይተው እንደሆነ ይጠየቃሉ።