መድኃኒትን በአነስተኛ ወጪ መግዛትና በጥንቃቄ መጠቀም

የመድኃኒት ዋጋ ከአቅም በላይ ሲሆን ብዙ ቤተሰቦች የሚወስዱት የመጀመሪያ ርምጃ ከታዘዘው መጠን ላይ መቀነስ ነው። ለደም ግፊት በየቀኑ አንድ ክኒን የታዘዘለት ሰው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይወስዳል። ለሰባት ቀን የተሰጠ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ይቋረጥና ቀሪው "ለሌላ ጊዜ ይሆናል" ተብሎ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ የተረፈ የሚመስለው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ቁጥጥር ያልተደረገበት የደም ግፊት በጊዜ ሂደት ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመም ይዳርጋል፤ የእነዚህ ሕክምና ደግሞ ከክኒኑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ወጪን መቀነስ ይቻላል። የሚቻለው ግን መድኃኒቱን በማጉደል ሳይሆን ከመግዛት በፊት በመጠየቅ ነው።

ጥያቄው የሚጀምረው ከምርመራ ክፍል ነው

ታካሚው የመክፈል አቅሙ ውስን ከሆነ ይህንኑ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። ለአንድ ሕመም ከአንድ በላይ መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል፣ ባለሙያው አቅምን ካወቀ ተመሳሳይ ጥቅም ያለውንና ዋጋው ዝቅ ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ብዙ ዓይነት መድኃኒት ሲታዘዝም የትኛው የግድ እንደሚያስፈልግና የትኛው ስሜትን ለማስታገስ ብቻ እንደታዘዘ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብም ወጪን ያበዛል። መዋጥ ለሚችል ታካሚ በብዙ ሕመሞች ክኒኑ በቂ ነው። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይፈውሰውም፤ ለዚህ ሲባል አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ገንዘብን ማባከን ነው።

ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው በቤቱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። የሚጠቀመው የባህል መድኃኒት ካለም መደበቅ የለበትም። ይህ ሲሆን አንድን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ከመግዛትም፣ የማይስማሙ መድኃኒቶችን አብሮ ከመውሰድም ይድናል።

የመድኃኒቱን ስም ከንግድ ስሙ መለየት

እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ መጠሪያ አለው፤ አምራቹ ደግሞ ሌላ የንግድ ስም ይሰጠዋል። ፓናዶል የንግድ ስም ሲሆን በውስጡ ያለው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዘው አምሎዲፒንም በልዩ ልዩ የንግድ ስሞች ይሸጣል። በውስጡ ያለው መድኃኒትና መጠኑ አንድ ሆኖ ዋጋው ግን እንደ አምራቹና እንደመጣበት አገር ሊለያይ ይችላል።

ስለዚህ ገዢው "ይኸው መድኃኒት በተመሳሳይ መጠን፣ በዋጋ ዝቅ ያለ አለ?" ብሎ የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚሊግራሙ መጠን መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንደ ሚጥል በሽታ መድኃኒት ያሉ፣ ጥቂት የመጠን ለውጥ እንኳ ችግር የሚያመጣባቸው መድኃኒቶች ግን ሐኪሙ ሳይጠየቅ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው መቀየር የለባቸውም።

ስሙን መለየት ከአደጋም ይጠብቃል። ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። የጉንፋን ክኒንና የራስ ምታት ክኒን አብሮ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ሊወስድ ይችላል። አንድ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም በላይ ፓራሲታሞል መውሰድ የለበትም፤ ከዚህ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ችግር ላለበት ወይም አዘውትሮ መጠጥ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ልኩ ከዚህም ያነሰ ነው።

የት መግዛት ይሻላል?

በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የታከሙበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ ካልተገኘ በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች፣ በልዩ ልዩ ከተሞች ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መድኃኒት ቤቶች አሉ። ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰውም ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ቢጠይቅ አይጎዳም።

ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ገንዘብ ካልሞላ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት የመሳሰሉት ዘወትር የሚወሰዱ መድኃኒቶች የሁለት ሳምንቱን ገዝቶ ሳያልቅ መተካት ይቻላል። የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን ከመጀመሩ በፊት የታዘዘው በሙሉ መሟላት አለበት።

በገበያ መሐል፣ በየሱቁና በአዟሪዎች እጅ የሚሸጥ መድኃኒት ርካሽ ቢመስልም አደገኛ ነው። በኮንትሮባንድ የገባ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ፀሐይ ያበላሸው ወይም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው የተቀደደ፣ የአምራቹ ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የማይነበብ፣ ቀለሙ የተለወጠ መድኃኒት መግዛት አይገባም። ምንጊዜም ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። አጠራጣሪ መድኃኒት ያጋጠመው ሰው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላል።

የጤና መድኅንና ነጻ አገልግሎቶች

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተስፋፍቷል። አርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደረው የከተማ ነዋሪ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ፣ ቤተሰቡ ውል ከተገባባቸው የጤና ተቋማት ምርመራና መድኃኒት ያገኛል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል። መዋጮው ምርት በተሰበሰበበትና ገንዘብ በእጅ ባለበት ወቅት ቢከፈል፣ በክረምት ሕመም ሲመጣ እህል ወይም ከብት ከመሸጥ ያድናል።

አባሉ አገልግሎቱን ሲፈልግ በሪፈር ሥርዓቱ መሠረት ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። መድኃኒቱ በተቋሙ ከሌለ ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዞ፣ ከውጭ ለተገዛው ገንዘብ የሚመለስበት አሠራር ስለመኖሩ የወረዳውን የጤና መድኅን ባለሙያ ይጠይቅ።

የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒት፣ ክትባት እንዲሁም የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣሉ። ለእነዚህ ብሎ ወደ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም።

የአወሳሰድ ጥንቃቄ

በአግባቡ ያልተወሰደ መድኃኒት የተከፈለበትን ዋጋ ያስቀራል። "በቀን ሁለት ጊዜ" ማለት በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ለምሳሌ ጠዋት በ1 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት ማለት ነው። "በቀን ሦስት ጊዜ" ማለት ደግሞ በየ8 ሰዓቱ ነው። ለወባ የሚሰጠውና ብዙዎች ኮአርተም በሚል ስም የሚያውቁት መድኃኒት ለሦስት ቀን በድምሩ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም ማቋረጥ አይገባም።

ለቴትራሳይክሊንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ወተት ተቃራኒ ነው፤ ኃይላቸውን ይቀንሳል። ለደም ማነስ የሚሰጥ የአይረን ክኒን ከሻይና ከቡና ጋር አይወሰድም። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላ፣ ከአረቄና ከቢራ መራቅ አለበት። ጿሚዎችም የመዋጫ ሰዓታቸውን ከሐኪም ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ።

ለአንዱ የታዘዘውን ለጎረቤት ማካፈል መልካም ቢመስልም ይጎዳል። ለከብት የተገዛ መድኃኒትም ለሰው አይሆንም፤ መጠኑም ሆነ ዝግጅቱ የተለየ ነው። የልጆች መድኃኒት የሚለካው በክብደታቸው ስለሆነ የአዋቂውን ክኒን ገምቶ ከፍሎ መስጠት አደጋ አለው። ሽሮፕም ከማሸጊያው ጋር በመጣው መለኪያ እንጂ በቤት ማንኪያ አይለካ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት ሁኔታዋን ለባለሙያ መንገር ይኖርባታል።

መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ቆዳ ከተላጠ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ማሸጊያውን ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ አቀማመጥ

መድኃኒት ከምድጃ ሙቀት፣ ከፀሐይና ከርጥበት ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ በራሱ ማሸጊያ ይቀመጥ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በረዶ ከሆነ ግን ተበላሽቷል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ እንዳይነካው በሚገባ የታሸገውን ኢንሱሊን፣ ውጭው በውኃ በሚረጥብ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ከሙቀት ይከላከላል። አብዛኛው የኢንሱሊን ዓይነት አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከ28 ቀን በላይ አያገለግልም።

ከመድኃኒት ቤት ከመውጣት በፊት የሚጠየቁ

• ይህ መድኃኒት ለምን ሕመም ነው?
• ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለስንት ቀን ይወሰዳል?
• ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከምንስ ጋር አይወሰድም?
• አንድ ጊዜ ብረሳ ምን ላድርግ?
• የአገልግሎት ማብቂያው መቼ ነው? የትስ ይቀመጣል?

ማንበብ የማይችል ሰው ባለሙያው በቃል እንዲያስረዳውና በማሸጊያው ላይ በምልክት እንዲያሳየው መጠየቅ ይችላል። ይህን መጠየቅ የታካሚው መብት፣ መመለስም የባለሙያው ግዴታ ነው።