የጎዳና ትስስር፦ ጅቡቲ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ፒኬ 12

የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «ስትሪት ኮኔክቲቪቲ» የሚሉት በአማርኛ «የጎዳና ትስስር» ቢባል ይገልጸዋል። የሚለካው በቆጠራ ነው፦ በየመገናኛው ስንት መንገድ ይገጥማል? መስቀለኛ ላይ አራት፣ አንዱ መንገድ ሌላውን ገጥሞ በሚያበቃበት ሦስት፣ መውጫ የሌለው ቅያስ ጫፍ ላይ አንድ ብቻ። አማካዩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎረቤት ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ይሆናል። ከተማ ወደ ዳር ሲሰፋ ትስስሩ እየላላ ከሄደ ደግሞ «ልቅ መስፋፋት» እንለዋለን፤ ፈረንጆቹ «ስፕሮል» የሚሉት ነው።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 በቆረቆሯት ጅቡቲ፣ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያም ሆነ በቁጥር በሚጠሩት የድሮ ሰፈሮች («ካርቲዬ»ዎች) መንገዱ ቀጥ ብሎ የተቀየሰ ነው። አንዱ ቅያስ በጭነት መኪና ቢዘጋ በሚቀጥለው ይታለፋል።

በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጉብኝት ተቃውሞ ካስነሳ በኋላ ቅኝ ገዢው ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠራት። እንዳይገባ የተከለከለው መጤ ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ፤ ባልባላ የተባለችው ሰፈርም በዚያ አደገች። ቤቱ ቀድሞ መንገዱ ተከተለ። ሽቦው ቢነሳም በመሃል የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አለ፤ መሻገሪያው በጣት የሚቆጠር በመሆኑ ጎርፍ ሲመጣ፣ በኤፕሪል 2004 ብዙ ሰው እንደፈጀው ዓይነት፣ ሁለቱ ወገኖች ይቆራረጣሉ።

ባልባላን ከአሜሪካ የከተማ ዳር ሰፈሮች ጋር አንድ ማድረግ ግን ስህተት ነው። እዚያ ቤቶቹ ተራርቀው መንገዱ ሆን ተብሎ ይዘጋል፤ እዚህ ሰው ተጨናንቆ ይኖራል፣ እግረኛም በጠባቡ መተላለፊያ ሾልኮ ይወጣል። የሚቸገረው የእሳት አደጋ መኪናና ውኃ የሚያመላልሰው ቦቴ ነው።

የእኛ ሀገር ከባድ መኪና ሹፌር ፒኬ 12ን ያውቀዋል። ፒኬ የኪሎ ሜትር ምልክት ማለት ነው፤ ሰፈሩ የተሰየመው በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ባለው ርቀት ነው። ስሙ ብቻውን ከተማዋ በአንድ መስመር እንደተዘረጋች ይናገራል።

ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1975 ወዲህ በአብዛኛው ዓለም የተሠሩ መንገዶች ትስስራቸው እየላላ መምጣቱን አሳይተዋል። አንዴ የወጣ ቅያስ ደግሞ ቤቱ ፈርሶ ቢሠራም ይቀራል። ስለዚህ በባልባላ ዳር ባዶ መሬት የሚሸነሽን ባለሙያ ካርታው ላይ መስቀለኛውን መጀመሪያ ያስምር፤ ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ መክፈት ካሳ መክፈልና ሰው ማፈናቀል ነው።