ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም፦ ቦታ ለይ የአንደበት መታሰር

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ የሶፋውን ክንድ የታክሲ በር አድርጋ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያለች ታናሽ ወንድሟን ታሳፍራለች። ሂሳብ ትቀበላለች፤ «ዝርዝር የለኝም» ብላም ትከራከራለች። ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህሯ ስም ስትጠራ ግን «አቤት» ማለት ያቅታታል። ከንፈሯ ይከፈታል፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ በእሷ ፋንታ «አለች፣ ቲቸር!» ትላለች። መንፈቀ ዓመቱ እንዲሁ አለቀ። ካርዷ ላይ «ጨዋና ጸጥተኛ ተማሪ» የሚል አስተያየት ተጻፈ።

ይህን አንብቦ ደስ የማይለው ወላጅ ጥቂት ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ነን፤ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ሲል አሳዳጊው ይመሰገናል። እርዳታ የሚያስፈልገው ዝምታም በዚሁ ምስጋና ተሸፍኖ ያልፋል።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም ይባላል። ከሚቀርባቸው ሰዎች ጋር እንደ ልቡ የሚያወራ ልጅ፣ መናገር በሚጠበቅበት ሌላ ቦታ፣ በተለይ ትምህርት ቤት፣ ቃል ማውጣት ሲያቅተው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አምስት ዓመት ሳይሞላ ሲሆን፣ ጎልቶ የሚታየው ግን ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የሚያጋጥመው ከመቶ ልጆች አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ነው።

ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ ቶሎ የሚመጣልን «መራጭ ዝምታ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ልክ ነው፤ ልጁን ግን ይከሳል። «መራጭ» ሲባል ልጁ እልህ ይዞ ወይም ሰው ንቆ ዝም ያለ ይመስላል። ይኸው ስሕተት በውጭም ቋንቋ ተሠርቷል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1877 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን ሲገልጽ «በፈቃድ የሆነ አለመናገር» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። በ1934 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሞሪትዝ ትራመር ያወጣው ስምም ዝምታውን የልጁ ምርጫ የሚያስመስል ነበር። በ1994 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ስሙን ወደ «ሰሌክቲቭ» ለወጠው፤ በ2013 ደግሞ ከጭንቀት ሕመሞች መደበው። ከመቶ ዓመት በላይ የወሰደው እርማት ሲጠቃለል፣ ልጁ እምቢ አላለም፤ ፈርቷል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን አነጋገር ቀድሞም ነበረው። ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ቃል ሲጠፋበት «አንደበቱ ታሰረ» እንላለን እንጂ እልኸኛ አንለውም። ስለዚህ «ቦታ ለይ የአንደበት መታሰር» የሚለውን እመርጣለሁ። «ቦታ ለይ» የሚለው፣ ቤት ተፈትቶ ትምህርት ቤት የሚታሰር መሆኑን ይናገራል። «ማን አሰረው?» ብሎ መተት የሚጠረጥር ሊኖር ስለሚችል ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ አሳሪው ፍርሃት ነው።

ከዓይን አፋርነት በምን ይለያል? ዓይን አፋር ልጅ ቀናት ሲያልፉ ይለምዳል፤ ቀስ ብሎም ይመልሳል። አንደበቱ የታሰረ ልጅ ግን ወራት ቢያልፉም ያው ነው። ትምህርት የተጀመረበትን የመጀመሪያ ወር ሳይቆጥሩ፣ ዝምታው ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ትምህርቱን ወይም ጓደኝነቱን ከጎዳ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ሽንት ቤት ለመሄድ መጠየቅ አቅቶት ሱሪው ላይ የሚያመልጠው፣ ወድቆ እየደማ «አመመኝ» የማይል፣ ሰው ሲያናግረው ፊቱ የሚደርቅ ልጅ ካለ አይዘግዩ። የመስማት ችግር እንደሌለበት ማስመርመርም ተገቢ ነው። ሲናገር የነበረ ልጅ በድንገት በሁሉም ቦታ ድምፁ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ በፍጥነት ሐኪም ይየው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው። አዲስ ቋንቋ የሚለምድ ልጅ ለጥቂት ወራት ዝም ቢል የተለመደ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እንግዳ ፊት፣ በሚያውቀው አማርኛ ጭምር ድምፁ ከጠፋ ግን ቋንቋ ብቻ አይደለም።

ሕክምናው በአብዛኛው በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ የዚያች የስድስት ዓመት ልጅ እናት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር ትጫወታለች። ልጅቷ ድምፅዋን ስታወጣ መምህሯ በር ላይ ትቆማለች፤ በሌላ ቀን ጥግ ትቀመጣለች፤ ቆይታም ጨዋታው ውስጥ ትገባለች። እናቲቱም ደረጃ በደረጃ ትወጣለች። ቤት ውስጥም «አፍ የለህም እንዴ?» ብሎ እንግዳ ፊት ማሳፈር ይቅር። «ሻይ ነው ወተት?» ብሎ ጠይቆ አምስት ሰከንድ ያህል መታገሥ ይሻላል፤ እኛ ቸኩለን በመለስንለት ቁጥር እሱ የሚናገርበት ዕድል ያልፋል።

ብዙ ቤተሰብ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የማይሄደው «ልጄ አበደ ይሉኛል» ብሎ ነው። ምክር መቀበል ማበድ አይደለም፤ ጠበል የሚያስጠምቁም ቢሆኑ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይችላሉ። በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወደሚመለከተው ሆስፒታል ይልካል፤ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለው ከእሱ መጀመርም ይቻላል።

መምህራንም፣ ካርድ ላይ «ጸጥተኛ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ቤት ውስጥ ያወራል?» ብላችሁ ወላጅን ጠይቁ። መልሱ «ኧረ አፉ አይዘጋም!» ከሆነ፣ ልጁ እርዳታ እየጠበቀ ነው።