ግሪንብራየርን ማን ዝም አሰኘው?

ጆሯችሁን ወዲህ አምጡልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ወንዝ፣ ስለ ጋራዎቹና ብስክሌት ለሚጋልብ ሰው ስለተረፈ ዝምታ ነው። አገሩ ዌስት ቨርጂኒያ፣ አውራጃው ፖካሆንታስ ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ ብስክሌታችሁን መኪና ላይ ጭናችሁ ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ብትነዱ ትደርሱበታላችሁ። ሩቅ ያላችሁትን ደግሞ እኔ በወሬ አደርሳችኋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

አውራጃውን «የወንዞች መወለጃ» ይሉታል። አላጋነኑም፤ ስምንት ወንዞች ከዚያ ይነሳሉ። ግሪንብራየር፣ ጎሊ፣ ኤልክ፣ ቼሪ፣ ክራንቤሪ፣ ዊሊያምስ፣ ታይጋርት ቫሊና ሻቨርስ ፎርክ። ሁሉም ዞረው ዞረው ኦሃዮ ወንዝ ይገባሉ፤ ከዚያም በሚሲሲፒ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳሉ። ከምሥራቁ ሸንተረር ማዶ የሚፈሰው ውሃ ግን ፊቱን ወደ አትላንቲክ ያዞራል። ዋሽንግተን ዳር ቆመን የምናየው ፖቶማክ አንዱ ገባሩ የሚነሳው ከዚያው ማዶ ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈልቅበት ምድር 2,440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ2020 ሲቆጠር የተገኘው ሰው ግን 8,000 አይሞላም። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ረጅም ሰዓት ብትጋልቡ የምትሰሙት የሰንሰለታችሁን ድምፅና ውሃውን ነው። ነገር ግን መንገድ እንዲያው በራሱ ዝም አይልም፤ ወይ ጥሎት የሄደ፣ ወይ የከለከለው አለ። እስቲ ወንዙን ይዘን እየወረድን ማን ዝም እንዳሰኘው እንጠይቅ።

ከደርቢን እንነሳ። የግሪንብራየር ሁለቱ ክንዶች እዚያች ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገናኛሉ፤ ወንዙም ሙሉ ስሙን የሚይዘው ከዚያ ጀምሮ ነው። በባርቶው በኩል ዞራችሁ ወደ ደቡብ ስትጋልቡ ሸለቆው ይከፈትና ሣር የለበሰ ሜዳ ይመጣል። በግራም በቀኝም ላሞች ይግጣሉ። ድንገት ከሜዳው መሀል ነጭ ነገር ብቅ ይላል፤ እየቀረባችሁት ሲሄድ ሰማዩን ይሸፍናል። የግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። ቁመቱ 148 ሜትር፣ ሳህኑ በአንድ ጎን 100 በሌላው 110 ሜትር ነው። በፈለጉት አቅጣጫ ከሚዞሩ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች መካከል በዓለም ላይ የሚተካከለው የለም።

አብረውን ከሚጋልቡት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ጋሼ አሉ፤ ዳገት ላይ ግን ማንንም አያስከትሉም። እዚያ ስንደርስ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ላይም ወደ ታችም ያዙሩት ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ስልክ ምን ነካው?»

«ምንም አልሆነም ጋሼ፤ እዚህ ኔትወርክ የለም።»

«ገና አልደረሳቸውም እንዴ?»

«ኧረ በሕግ ተከልክሎ ነው።»

«አሜሪካም ኔትወርክ ይዘጋል በለኛ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሚዘጋበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ቅርብ ያለ አንድ ስልክ ይውጠዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ተራራ የከበበው፣ ሰው የሳሳበት ቦታ ተፈለገ። በ1956 ግዛቱ ሕግ አወጣ፤ በ1958 ደግሞ የፌደራሉ መንግሥት 34,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ከለለ። በ1960 ፍራንክ ድሬክ የተባለው የጠፈር ሊቅ 26 ሜትር በሚሰፋ ሳህን ወደ ሁለት ከዋክብት ጆሮውን ጥሎ፣ ከዚያ ማዶ የሚናገር ፍጡር ይኖር እንደሆነ ያዳመጠው እዚሁ ነው። በኅዳር 1988 አንድ ምሽት ትልቁ የድሮ ቴሌስኮፕ ተደርምሶ የብረት ክምር ሆነ። አሁን የምናየው በእሱ ምትክ ተሠርቶ በ2000 የተጠናቀቀው ነው።

ለእኛ ለብስክሌተኞች የሚጥመው ወሬ ገና መምጣቱ ነው። ወደ ቴሌስኮፑ የሚያስጠጋው መንገድ ላይ የቤንዚን መኪና አይገባም። ካንዴላው እሳት በጫረ ቁጥር የሬዲዮ ጩኸት ያሰማላ! ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው የግቢው መኪኖች በናፍጣ ይሄዳሉ። ብስክሌትማ ምን ካንዴላ አለው? ስልኩንና ዲጂታል ካሜራውን አጥፍቶ፣ ብሉቱዝ የሚረጨውን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ፈትቶ እየገፋ መሄድ ነው። ባለመኪናው በር ላይ ሲቆም ባለፔዳሉ የሚያልፍበት ቦታ ስንት አለ?

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዝምታ ያመጣው ሕግ ነው። ሁለተኛው ካስ በምትባል ከተማ ይጠብቀናል።

ካስ ከግሪን ባንክ ብዙም አይርቅም፤ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ወንዙ መውረድ ነው። በ1901 አንድ የወረቀት ኩባንያ የቆረቆራት የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ናት። ተራራውን ያለበሰው ዛፍ ስፕሩስ ይባላል፤ የጥድ ወገን ነው፤ ተቆርጦ ወረቀት ይሆናል። ግንዱን ከጋራው የሚያወርዱት ሼይ የሚባሉ የእንፋሎት ባቡሮች ነበሩ። ተራ ባቡር ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት በሚያዘነብል ዳገት ሲለግም፣ ሼይ ከመቶ 11 የሚያዘነብለውን ይወጣዋል። ጉልበቱ በጥርስ እየተላለፈ መንኮራኩሮቹን ሁሉ ያዞራል። እኛ ዳገት ሲጸናብን ማርሹን እንደምናቀለው እሱም ፍጥነቱን ሠውቶ ጉልበት ይገዛል። ጫካው ተጨረሰ። መሰንጠቂያው በ1960 ተዘጋ። ሐዲዱን ግዛቱ ገዝቶ በ1963 ለጎብኚ ከፈተው። ሼዮቹ ዛሬም እያፏጩ ይወጣሉ፤ የሚጭኑት ግን ግንድ ሳይሆን ሽርሽር የወጣ ሰው ነው። ዛፉም ዳግመኛ በቅሏል። ሁለተኛውን ዝምታ ያመጣው ያለቀ ሥራ ነው።

ከካስ ወደ ደቡብ የሚወስደን ራሱ የባቡር መንገድ ነው። በ1899 እና በ1900 የወንዙን ዳር ይዞ ተዘረጋ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ተነቀለና ለእግረኛ፣ ለፈረሰኛና ለብስክሌተኛ ተተወ። እስከ ካልድዌል 125 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 35 ድልድዮችና ሁለት ዋሻዎች አሉበት። ተዳፋቱ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ መሐንዲሶቹ ለሎኮሞቲቭ ብለው ያስተካከሉት ምድር ለጉልበታችን ተረፈን። አብዛኛው ጠጠር ስለሆነ ሰፋ ያለ ጎማ ይፈልጋል፤ ቀጭን ጎማ የያዘ ሰው ካላማዳሪያ ሲለጥፍ ይውላል። ሻርፕስ ዋሻ ስትደርሱ ብርሃን አብሩ፤ ርዝመቱ 150 ሜትር ያልፋል፤ ታጥፎ ስለሚሄድ መሀሉ ላይ ይጨልማል። ከዋሻው አፍ ስትወጡ ድልድዩ ይቀበላችኋል፤ ወንዙ ከእግራችሁ ሥር ነው። ግሪንብራየር ግድብ አያውቅም፤ ከሚሲሲፒ ወዲህ ካሉት ያልተገደቡ ወንዞች ረጅሙ እሱ ነው ይላሉ። ነጻነቱም ዕዳ አለው፤ በኅዳር 1985 ሞልቶ ማርሊንተንን አጥለቅልቋታል።

ማርሊንተን የአውራጃው መቀመጫ ናት። የስሟን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1749 ጄከብ ማርሊንና ስቲቨን ሲዌል የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሰፋሪ ሁሉ ቀድመው እዚህ ደረሱና አንድ ጎጆ ቀለሱ። በዚያ ሁሉ ጫካ ከሁለቱ በቀር ነጭ የሚባል ሰው አልነበረም። ሰፊው ዱር ግን አልበቃቸውም፤ በሃይማኖት ነገር ተጣሉ! ሲዌል ጓዙን ይዞ ወጣና ውስጡ ባዶ በሆነ ትልቅ ዛፍ ውስጥ ገባ። በ1751 መሬት ሊለካ የመጣው አንድሩ ሉዊስ ሲያገኛቸው እንዲህ ነበር ይባላል፦ ጠዋት ጠዋት አንዱ ከጎጆው፣ ሌላው ከዛፉ ብቅ ይሉና በአክብሮት እጅ ይነሳሳሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አይነጋገሩም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «የኛን ማኅበር መሰሉ» አሉና አሳቁን።

አስፋልት የናፈቀው ከማርሊንተን በ219 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ይውጣና በግራ በኩል 150 ቁጥርን ይያዝ። የሃይላንድ ሲኒክ ሃይዌይ ነው። እዚህ ላይ ዳገት የሚባለውን ትተዋወቃላችሁ፤ ከተማዋ 650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ ከ1,370 ሜትር በላይ ይደርሳል። የጭነት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ማደያ የለም። ክረምት ላይ በረዶውን የሚጠርግም የለም። ውሃና ምግብ ከታች መያዝ ግድ ነው፤ ጎማ ቢፈነዳ ደውሎ ሰው መጥራት አይታሰብም። ለዚህ ድካም ክፍያው መንገዱ ራሱ ነው፤ ሰላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ሙሉ ጋራው ከጋራ ተያይዞ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቁልቁለቱም ጭስ የማይተፋበት ነው። ጫፉ ላይ 39 ቁጥርን ይዛችሁ ሚል ፖይንት ከወረዳችሁ ሂልስቦሮ ቅርብ ናት። በ1892 ፐርል በክ የተወለደችበት ቤት እዚያ ቆሟል፤ ገና በሕፃንነቷ ወላጆቿ ቻይና ወሰዷት፤ በ1938 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመች። እሷም ከዚህ ወጥታ የሄደች ናት።

የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይሰበሰባል። በ1920 በዚህ አውራጃ 15,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግማሹ ብቻ ቀረ። ኩባንያው ጫካውን ጨርሶ ሲሄድ ሠራተኛው ተከተለ፤ ባቡሩም የሚጭነው አጣና ቀረ። ከቀሩትም ብዙዎቹ ለከዋክብት ሲባል የሞባይል ኔትወርክ አጥተዋል፤ አምቡላንስና እሳት አደጋ ላይ የሚሠሩት የሬዲዮ ክልከላው ሥራችንን አወከው ብለው በአደባባይ ተሟግተዋል። እኛ ቅዳሜ መጥተን «እፎይ» የምንልበት ዝምታ ለእነሱ የዘወትር ኑሮ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሂዱ። የኛን ልማድ ስለማውቅ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ቋጥራችሁ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዛችሁ፣ አንድ ዶላር ሳታወጡ አትመለሱ። ዳገት ላይ የሚቀመሰውን ያዙ፤ ምሳችሁን ግን ማርሊንተን ወይም ሂልስቦሮ ተቀምጣችሁ ብሉ፤ ሂሳቡንም እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እያላችሁ እዚያው ክፈሉ።