አበበ፣ አበበ፣ አሁንም አበበ

ዱራሜ ገበያ መሀል ቆማችሁ «አበበ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የሚለው ሰው አንድ ብቻ አይሆንም። ሞባይላችን ላይ «አበበ ሹፌር»፣ «አበበ መምህር» እያልን የምንመዘግበው ለዚህ ነው። ፊደል ስንቆጥር በሶ ሲበላ የተዋወቅነውን አበበንማ ማን ይረሳዋል!

ሰሞኑን ግን ስም ሰምቶ ሰውን ከነብሔሩ መመደብ እንደ እውቀት ተቆጥሯል። እስቲ በጥቂት ወራት ውስጥ ታሪክ ያገናኛቸውን ሦስት አበበዎች እንያቸውና ምደባው ያዋጣ እንደሆነ እንፈትን።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አገሩ አደይ አበባ ይዞ አዲሱን ዓመት ሲጠብቅ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። በዚያው ውድድር 7ኛ የወጣው ኢትዮጵያዊስ ማን ይመስላችኋል? እሱም አበበ ነው፤ አበበ ዋቅጅራ።

ሦስተኛው ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። እጅ አልሰጡም፤ ዱር ገብተው የሸዋን አርበኞች እየመሩ እስከ 1933 ዓ.ም. ተዋጉ። እሳቸው በሸዋ ተራራ ላይ የተፋለሙትን አገር ዋና ከተማ ነው ስመ ሞክሼያቸው በባዶ እግሩ ያቋረጠው።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ጄኔራሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ፣ አበበ ቢቂላ ደግሞ የክብር ዘበኛ ወታደር መሆኑን ልብ በሉ። ሙከራው ሲከሽፍ ራስ አበበ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። ቦታው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ሯጩ አበበ በሤራው ባይኖርበትም ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተጠየቀ፤ ከዚያም ተለቀቀ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ወርቁን ደገመው፤ በዚህኛው ጊዜ በጫማ።

አሁን ወደ ምደባው እንመለስ። «አበበ» አማርኛ ነው። «ቢቂላ» ግን ኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ «በቀለ» ማለት ነው። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ! አንድ ተክል በሁለት ቋንቋ። «ዋቅጅራ» ማለት ደግሞ «ፈጣሪ አለ» ነው። ራስ አበበስ? በእናታቸው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። በስማቸው ብቻ ብንመድባቸው ኖሮ ሦስቱንም በተሳሳተ ሣጥን ውስጥ ከትተናቸው ነበር።

እኛ ሰፈርም እንዲሁ ነው። በብዙ የከምባታ ቤት ስም ወደ ኋላ ሲቆጠር አማርኛው አልቆ ከምባትኛው ይጀምራል። በመሀል ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ቢሮው አለ። በደቡብ ትምህርት ቤት ሲገቡ ስማቸው በአማርኛ የተተካ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ስሙን የተነጠቀ ልጅ አንድ ነገር ተነጥቋል። ወላጁ ወድዶ ያወጣለትም አለ። ሁለቱ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ሆነው አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ፣ የሁለቱም ስም አበበ ነው፤ ታሪካቸው ግን ለየቅል።

እናም ወዳጆቼ፣ ስም የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም። አበበ የሚባል ሰው ስታገኙ ከመመደባችሁ በፊት «ማን ስም አወጣልህ?» በሉት። ቡና አስፈልታችሁ ብትጠይቁት ደግሞ ይመረጣል፤ ወሬው ረጅም ነው።