ጥንተ ሐይቅ
«ጥንተ ሐይቅ» ማለት በቀደመ ዘመን ተንጣሎ የነበረ፣ ዛሬ ግን ፈጽሞ የደረቀ ወይም እጅግ የጎደለ ሐይቅ ሲሆን፣ የሚታወቀውም ትቶት በሄደው ደለልና በቀድሞ ዳርቻው ምልክት ነው። ቃሉ ለምሳሌ በጅቡቲ ድንበር ላይ ለሚገኘው ለአቤ ሐይቅ ይስማማል። አቤ የምድር ቅርፊት ተለጥጦና ተሰንጥቆ በሰመጠበት የአፋር ጎድጓዳ የተኛ፣ አዋሽ የሚያልቅበትና መውጫ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፣ መጠኑን ከጥንት የወሰኑት ዝናብና ትነት ናቸው፤ ከ10,000 እስከ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናቡ በበረታበት ዘመን፣ ውሃው ከዛሬው 160 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ለዚህ አንዱ ምስክር ዲያቶማይት ነው፤ ይኸውም ዲያቶም የሚባሉ ረቂቅ የውሃ አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊት ተደራርቦ የሠራው፣ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚልም ነጭ አለት ሲሆን፣ የጥልቅ ውሃና የጨዋማ ኩሬ ዲያቶሞች ዝርያቸው ስለሚለያይ፣ ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ፍራንስዋዝ ጋስ የሐይቁን ሙላትና ጉድለት ከእነርሱ ለማንበብ ችለዋል። ይሁንና «ጥንተ» የሚለው ቅጽል ሐይቁ አንዴ ሞልቶ አንዴ የነጠፈ ሊያስመስል ይችላልና ጥንቃቄ ይሻል፤ አቤ ደጋግሞ ሞልቷል፣ ደጋግሞም ጎድሏል።